ለመጠጥ ሱስ የሚረዳዱ ግሩፖችን እንዴት ፈልጎ መሄድ ይቻላል

መጠጥ ማቆም ፈልጎ "አንድ ቀን እሄዳለሁ" እያለ ወራት የሚቆይ ሰው ብዙ ነው፣ እግሩን የሚይዘው ደሞ እዛ ገብቶ ምን እንደሚገጥመው አለማወቁ ነው፣ ስለዚህ ከመፈለግ ጀምሮ ገብቶ እስከመቀመጥ ያለውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ሐኪም። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ በአንዴ ቀጥ አታድርጉት። የለመደ ሰውነት ድንገት ሲቀርበት ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጥ ይችላል፣ በሁለተኛውና በሶስተኛው ቀን ደሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፣ ይሄ ሰው ይገድላል። ግሩፕ ይሄን አያክምም፣ ሐኪም ግን በመድኃኒት ያሻግራችኋል።

ከዛ መፈለግ። በጣም የተስፋፋው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፣ ባጭሩ ኤኤ ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ አክሮን ከተማ ውስጥ ቢል ዊልሰንና ዶክተር ቦብ ስሚዝ የሚባሉ ሁለት ጠጪዎች እርስ በርስ እየተነጋገሩ የጀመሩት ሲሆን ዛሬ 180 ገደማ አገር ውስጥ አለ። ዌብሳይቱ ላይ አገራችሁን መርጣችሁ ታገኛላችሁ፣ ሚቲንግ ጋይድ የሚባል ነጻ አፕም አላቸው። እዛ ላይ ካጣችሁ የአእምሮ ጤና ወይም የሱስ ህክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያውቃሉ። በአቅራቢያችሁ ጭራሽ ከሌለ ኦንላይን አለ፣ ካሜራ አጥፍቶ መስማት ብዙ ቦታ ይቻላል።

የኤኤ አባላት ለማቆም የሚከተሏቸው 12 እርምጃዎች ፈጣሪን ያነሳሉ፣ እያንዳንዱ ሰው በገባው መጠን ነው ይላሉ፣ እሱ ካልተመቻችሁ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ስማርት ሪከቨሪ አለ፣ እዛ የሚሰራው ሐሳብና ልማድን በመቀየር ዘዴ ነው፣ ለሴቶች ብቻ የሆነ ውመን ፎር ሶብራይቲም እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አለ። "ወሬ ብቻ ምን ይለውጣል" የምትሉ ካላችሁ ደሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ የህክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ኮክሬን የሚባል ድርጅት ግምገማ 10,565 ሰው የተሳተፈባቸውን 27 ጥናቶች አይቶ ወደ ኤኤ በደንብ የሚያስገባ ህክምና ያገኙ ሰዎች ጭራሽ ሳይጠጡ በመቆየት ከሌሎች የታወቁ ህክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ነው ያገኘው።

ስብሰባ ስትመርጡ "ክፍት" እና "ዝግ" የሚል ታያላችሁ። ክፍት ከሆነ ቤተሰብም ጓደኛም ይዞ መግባት ይቻላል፣ ዝግ ከሆነ መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ቀን ብቻችሁን የምትፈሩ ከሆነ ክፍቱን ምረጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ካለው ደውሉ፣ ቦታና ሰዓት ተቀይሮ ዝርዝሩ ላይ ሳይስተካከል ይቀራልና ተዘግቶ አግኝቶ እንደመመለስ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር የለም።

በቀኑ 10 ደቂቃ ቀደም በሉና ያገኛችሁትን ሰው "ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነው" በሉት፣ ይበቃል። ፎርም የለም፣ ምዝገባ የለም፣ ኤኤ የሚጠይቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል፣ አንድ ሰው ይመራል፣ ትንሽ ይነበባል፣ ከዛ ሰዎች ተራ በተራ ስለራሳቸው ይናገራሉ፣ ስም ብቻ እንጂ የአባት ስም አይጠየቅም፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ምክርም አስተያየትም አይሰጥም። ተራው እናንተ ጋ ሲደርስ "ዛሬ መስማት ነው የምፈልገው" ብትሉ ማንም አይከፋም። የመዋጮ ሳህን ቢዞር ክፍያ አይደለም፣ አሳልፉት።

እዛ የተሰማ እዛ ይቀራል የሚለውን አብዛኛው ሰው ከልቡ ይጠብቃል፣ ግን ቃል ነው እንጂ እንደ ሐኪም ምስጢር በህግ የታሰረ አይደለም፣ ስለዚህ የፍርድ ቤት ጉዳይ ምናምን ካለባችሁ እሱን ለጠበቃችሁ አስቀሩት።

ሲያልቅ ሮጣችሁ አትውጡ!! ለእኔ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። ሰው ቆሞ የሚያወራበት እነዛ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ሶስት ስልክ ተቀበሉ፣ ሴት ከሴት ወንድ ከወንድ ቢሆን ይሻላል፣ እና ማታ ሲያምራችሁ ከጠጣችሁ በኋላ ሳይሆን ከመጠጣታችሁ በፊት ደውሉ። ቆይቶ ስፖንሰር ያዙ ይሏችኋል፣ ገንዘብ የሚሰጥ ማለት አይደለም፣ ቀድሞ ያቆመና በእርምጃዎቹ የሚመራችሁ ሰው ነው። ብር የሚጠይቃችሁ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ተዉ የሚላችሁ ወይም አዲስ ሰው ላይ ፍቅር የሚጀምር ካጋጠማችሁ ግን ያንን ሰው ራቁት፣ ካስፈለገም ግሩፕ ቀይሩ።

አንዱ ግሩፕ ከሌላው በጣም ይለያያል፣ አራት አምስት ሳታዩ "ለኔ አይሆንም" እንዳትሉ። ለጀማሪ በ90 ቀን 90 ስብሰባ የሚባል ልማድ አለ፣ ግዴታ አይደለም፣ ግን መጀመሪያ አካባቢ በሳምንት አንዴ ለብዙ ሰው ያንሳል ባይ ነኝ።

ቤተሰብ ለሆናችሁ ደሞ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ያለው አል-አኖን የሚባል የጠጪ ቤተሰቦች ግሩፕ የራሳችሁ ነው፣ ጠጪው ባይመጣም እናንተ መሄድ ትችላላችሁ።

መሃል ላይ ቢያገረሽባችሁ በማግስቱ ተመለሱ። ጠጥታችሁ የመጣችሁ ቀን እንኳን ብዙ ግሩፖች "ዛሬ አትናገሩ፣ ቁጭ ብላችሁ ስሙ" ነው የሚሉት፣ መኪና ይዛችሁ ግን እንዳትመጡ፣ ከተቀበላችኋቸው ስልኮች አንዱ ላይ ደውሉና ውሰዱኝ በሉ።