በቡና መፈልፈያ ቤት ስለ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ቃጠሎ ሥልጠና እንዴት ይሰጣል?

በጅማ መፈልፈያ ቤቶች ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት «ኤሌክትሪክ ያዘው» የሚባለውን ብቻ ስለሆነ፣ ሥልጠናው ሽቦ ያልነካ ሰውም ሊቃጠል እንደሚችል በማስረዳት ይጀመር። በ380 ቮልት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ቦርድ ውስጥ አንድ ካቻቢቴ ሁለት ፌዞችን (ኃይል የሚያመጡ መስመሮችን) ቢያገናኝ በመካከላቸው ያለው አየር ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የብልጭታው ሙቀት እስከ 19,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ስለሚችል መዳቡ ይተናል፣ የቀለጠው ብረትም ፊት ላይ ይረጫል።

ትምህርቱን ከአዳራሽ ይልቅ ኃይሉ በተቋረጠበት ቦርድ አጠገብ መስጠት ይመረጣል። ክዳኑ ሲከፈት የቡና ገለባ ብናኝ በመዳቡ ዙሪያ ተጋግሮ ይታያል፤ ይህ ብናኝ የክረምቱን እርጥበት ሲስብ ኤሌክትሪክ መንገድ ያገኛል። በኮምፕሬሰር መንፋት ብናኙን ወደ ባሰ ስፍራ ስለሚገፋው፣ በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ወይም በመምጠጫ ማሽን ማጽዳት ይሻላል።

ዋናው ልምምድ ኃይልን ማቋረጥ ነው። መጀመሪያ ሞተሮቹ ይቆማሉ፤ ከዚያ ሠራተኛው ከቦርዱ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቆሞ ዋናውን ብሬከር ያጠፋል፣ በቁልፍ ይቆልፋል፣ ስሙን የያዘ ምልክት ያንጠለጥላል፣ ቁልፉንም በራሱ ኪስ ያስቀምጣል። «መብራት ሄዷል» ማለት ተቋርጧል ማለት አይደለም፤ መብራቱ በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ፣ ጄኔሬተሩንም ሌላ ሰው ሊያስነሣው ስለሚችል የጄኔሬተሩ መስመርም ይቆለፋል። ቀጥሎ ቴስተሩ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ መስመር ይሞከራል፣ ፌዞቹ እርስ በርስ እንዲሁም ከኒውትራል (ከመመለሻው መስመር) እና ከመሬት ጋር ይለካሉ፣ ከዚያም ቴስተሩ እንደገና ይሞከራል። ኃይል አለመኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ ልኬቱ ራሱ ኃይል ባለበት መስመር ላይ እንደሚደረግ ሥራ ስለሚቆጠር መከላከያ ልብስ ይለበሳል።

ናይለንና ፖሊስተር ቀልጠው ከቆዳ ጋር ይጣበቃሉ። ተራ ጥጥ ባይቀልጥም ይነድዳል፤ ስለዚህ ለብልጭታ የተሠራ፣ የመቋቋም አቅሙ በካሎሪ (በሙቀት ኃይል መለኪያ) የተጻፈበት ልብስ ያስፈልጋል። ባዶ ቆዳ በካሬ ሴንቲሜትር 1.2 ካሎሪ ያህል ሲያርፍበት ውኃ የሚቋጥር ቃጠሎ ይደርስበታል።

በአንድ መፈልፈያ ቤት በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ አይቻለሁ። ሥራው እንዳይቆም ታስቦ ነው፤ ሆኖም የቃጠሎው ክብደት ብልጭታው በሚቆይበት ጊዜ ልክ ስለሚጨምር፣ ፊውዝ ወዲያው የሚያቋርጠውን እሳት ያ ሽቦ ያራዝመዋል። የወደቀ ብሬከርንም ምክንያቱ ሳይታወቅ ደጋግሞ ማንሣት ክልክል ይሁን።

አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ ኃይሉ ይቋረጥ፤ የተቃጠለው ቦታ በንጹሕ ወራጅ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና ሳይቀባ ተጎጂው ወደ ሐኪም ይወሰድ።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ባልደረቦቹ እያዩት ቆልፎ ይለካ። ብዙዎች የሚዘነጉት ቴስተሩን ሁለተኛ ጊዜ መሞከር ነው፤ የዘነጋ ሰው ከሞተሩ ማቆም ጀምሮ እንደገና ይሥራው።