መጀመሪያ ቀጣሪ፣ ከዚያ ኮርስ፦ ሥራ የሚያስገኝ ዘርፍ-ተኮር ሥልጠና እንዴት ይዘጋጃል?

ብዙ ማሠልጠኛ መምህርና ክፍል ስላለው ብቻ ኮርስ ይከፍታል። ሠልጣኙም የምስክር ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። ሥራ ላጣ ችግረኛ ይህ ሁለተኛ ስብራት ነውና ከቀጣሪው ጀምሩ።

አንድ ዘርፍ ምረጡ፤ ጤና፣ የኮምፒውተር ጥገና ወይም ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከአምስት እስከ አሥር ቀጣሪዎችን አነጋግሩ። «ሰው ትፈልጋላችሁ?» ብትሉ ሁሉም «አዎ» ይላል። ይልቅ ባለፉት 12 ወራት በየትኛው የሥራ መደብ ስንት ሰው እንደቀጠሩ፣ መነሻ ደመወዙን፣ የሚቀበሉትን የብቃት ማረጋገጫና አዲስ ሠራተኛ በምን ምክንያት ቶሎ እንደሚለቅ ጠይቁ። ከሁሉ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከሙያው ይልቅ ሰዓት ማክበርና ከአለቃ ጋር መግባባት ሆኖ ይገኛል። ይህንንም ከሙያው ጎን ለጎን አስተምሩ።

ምልመላ ላይ አትቸኩሉ። የንባብና የሒሳብ ፈተና ስጡ፤ እንደ ሙያው ከ6ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ደረጃ ይበቃል። ያላለፈውን ወደ መሠረታዊ ትምህርት ምሩት እንጂ በር አትዝጉበት። ቦታ ለመሙላት ብቻ የተቀበላችሁት ሰው ግን መሐል ላይ ያቋርጣል።

ሠልጣኝን የሚያስቀረው ትምህርቱ መክበዱ ብቻ አይደለም፤ የትራንስፖርት ገንዘብና ልጅ የሚይዝለት ሰው ማጣትም ነው። በተለይ ከተቀጠረበት ቀን እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ያሉትን ሳምንታት አስቡ፦ ሥራ አግኝቷል፣ ኪሱ ግን ባዶ ነው። የዚያን ጊዜ ትራንስፖርትና የሥራ ጫማ ከበጀቱ አስቀድማችሁ ያዙ። ከቅጥር በኋላም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ደውሉ።

ውጤቱን ስትለኩ ተጠንቀቁ። «አብዛኞቹ ተመራቂዎች ተቀጥረዋል» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ተጣርተው የገቡት ያለ ሥልጠናውም ሥራ ሊያገኙ ይችሉ ነበር። በአሜሪካ የዘርፍ-ተኮር ሥልጠና አመልካቾችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ሥልጠናውን ያገኙትን ካላገኙት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች፣ ሥልጠናው ባለቀ ማግስት ባለው ዓመት የሠልጣኞች ገቢ ከ14 እስከ 39 በመቶ ብልጫ እንዳሳየ አግኝተዋል። በሥልጠናው ወቅት ግን ብዙ ሰው ሥራ ስለማይሠራ ገቢው ይቀንሳል። ስለዚህ ለጋሹ በስድስተኛው ወር ውጤት ከጠየቃችሁ፣ መለኪያው ሁለተኛው ዓመት እንዲሆን ገና ውሉን ስትፈርሙ ተስማሙ።