ከኬሞቴራፒ በኋላ የፔት ስካን ውጤት ግራ ሲያጋባ፦ ችግርና መፍትሄ

ኤፍዲጂ የሚባለው ጨረር አመንጪ ስኳር ግሉት-1 በተባለ አጓጓዥ ፕሮቲን በኩል ወደ ካንሰር ሴሉ ይገባል። ሄክሶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ፎስፌት ይጨምርበትና ውስጥ ይቀራል። ፔት ስካን ጨረሩን ይዞ፣ ስኳሩ የተከማቸበትን ቦታ በምስሉ ላይ አድምቆ ያሳያል። ኬሞቴራፒው ከሠራ ሴሎቹ ይሞታሉ ወይም ስኳር መውሰድ ይቀንሳሉ፤ ድምቀቱም ይወርዳል። ድምቀቱን የሚለውጠው ግን መድኃኒቱ ብቻ አይደለም።

ዕጢው አልደበዘዘም፣ እንዲያውም ዙሪያው ደምቋል
የሞቱትን ሴሎች የሚያጸዱት ማክሮፋጆችም ስኳር ይወስዳሉ። ከመጨረሻው ኬሞ በኋላ ቢያንስ 10 ቀን ይጠበቅ፤ በዙሮች መካከል ከሆነ ለቀጣዩ ዙር በተጠጋ ቀን ይነሳ። ሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) ከሆነ ሕክምናው ሲያልቅ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ጨረር ከነበረ 3 ወር ቢቆይ ይመረጣል።

አጥንቱ በሙሉ በራ፣ ጣፊያውም
ነጭ የደም ሴል ለማብዛት የተሰጠው ፊልግራስቲም መቅኔውን ቀስቅሶታል። ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ወጥ ሆኖ ከበራ የመድኃኒቱ ውጤት ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ነጥሮ ከወጣ ግን በቸልታ አይታለፍ።

በልጅ ወይም በወጣት ደረት መካከል አዲስ ድምቀት
ብዙ ጊዜ ከኬሞ በኋላ መልሶ ያደገ ታይመስ (ደረት ውስጥ ያለ የበሽታ መከላከያ አካል) ነው። በሲቲ ቅርጹን ሳያዩ ካንሰሩ አገረሸ አይባልም።

ኤስዩቪው (የድምቀቱ መለኪያ ቁጥር) ተለውጧል፣ ምክንያቱ ግን አልታወቀም
ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሁለቱን ስካኖች የመርፌ ሰዓት፣ ማለትም ኤፍዲጂው ከተወጋ ስንት ደቂቃ በኋላ እንደተነሱ፣ አስተያዩ። ዕጢ ከ60 ደቂቃ በኋላም ስኳር ማከማቸቱን ስለሚቀጥል፣ አንዱ በ60 ሌላው በ90 ደቂቃ ከተነሳ በሽታው ሳይባባስ ቁጥሩ ይጨምራል። ልዩነቱ ከ15 ደቂቃ አይለፍ። ቀጥሎ የደም ስኳር፦ ከኬሞ ጋር የሚሰጠው ስቴሮይድ ዴክሳሜታሶን ከፍ ያደርገዋል፣ ከፍ ያለው ስኳርም ኤፍዲጂውን ተሻምቶ ዕጢውን ያደበዝዛል። ታካሚው 6 ሰዓት ይጹም፤ ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ ቀጠሮው ይዛወር። ለማውረድ ብሎ ኢንሱሊን ወግቶ ወዲያው ማንሳት ኤፍዲጂውን ወደ ጡንቻ ይነዳዋል። በመጨረሻ የጉበቱን ኤስዩቪ ለኩ፤ በሁለቱ ስካኖች መካከል ከ20 በመቶ በላይ ከተለያየ የዕጢውን ቁጥር ማወዳደር አይታመንም። ፔርሲስት በተባለው የፔት ውጤት መመዘኛ መስፈርት መሻሻል የሚባለው የዕጢው ቁጥር ቢያንስ 30 በመቶ ሲቀንስ ነው።

ድምቀቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ
ደስ ይላል፤ ሆኖም ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰ ቅሪት ላይታይ ይችላልና የተጀመረው ኬሞ በዚህ ብቻ አይቋረጥ።

ስካኑን ውጭ አገር የሚያሠራ ታካሚ የምስሉን ሲዲ፣ የመርፌ ሰዓቱን፣ የተወጋውን የኤፍዲጂ መጠንና የስኳር ልኬቱን ይዞ ይመለስ። የሚቀጥለውንም ከተቻለ እዚያው ማሽን ላይ ያስነሳ።