ራሽናል ቁጥሮችን ለምታስተምሩ፦ መጀመሪያ ይቃለል፣ ከዚያ ይመደብ

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ የምታስተምሩ፣ ይቺን ሞክሯት። ተማሪዎች ቁጥር ሲመድቡ የሚሳሳቱት ትርጉሙ ስለማይገባቸው ብቻ አይደለም፣ በመልኩ ስለሚፈርዱም ነው። 12/4ን ሲያዩ የክፍልፋይ መስመሯ ትታያቸውና «ይሄማ ድፍን ቁጥር አይደለም» ብለው ያልፋሉ፣ 3 መሆኑን ሳያዩ። የ9 ስኩዌር ሩትም እንደዚሁ፣ ምልክቱን ብቻ አይተው ኢራሽናል (የሁለት ድፍን ቁጥሮች ክፍልፋይ ሆኖ ሊጻፍ የማይችል) ይሉታል፣ እሱም 3 ሆኖ ሳለ። ስለዚህ ሳያቃልሉ መመደብ ክልክል ይሁን!

ከዚያ መሬት ላይ በጠመኔ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ አራት ሳጥን ሳሉ። መሃል ላይ መቁጠሪያ ቁጥር፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር (0 የሚገባው እዚህ ነው)፣ ቀጥሎ ድፍን ቁጥር (ነጌቲቮቹ እነ -3 የሚገቡት እዚህ ነው)፣ ከውጭ ራሽናል (የሁለት ድፍን ቁጥሮች ክፍልፋይ ሆኖ ሊጻፍ የሚችል ሁሉ)። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አድሏቸውና እያንዳንዱ ቁጥሩ ሊገባበት ከሚችለው ሁሉ ጠባቡ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይቁም። «3 ራሽናልም ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ቦሌ የሚኖር ሰው አዲስ አበባም ኢትዮጵያም ይኖር የለ? በሉት።

ወረቀቶቹን ስትመርጡ ግን ተንኮል ጨምሩበት። -6/2፣ 5.0፣ 0.333… ይኑሩ። በተለይ 22/7 እና ፓይ (የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ለሁለት ጎረቤት ልጆች ይድረሱ። ፓይ ኢራሽናል ስለሆነ የያዘው ልጅ ከሳጥኖቹ ሁሉ ውጭ ነው የሚቆመው፣ 22/7 የያዘው ግን ራሽናል ውስጥ ይገባል፣ ምክንያቱም 22/7 ለፓይ የሚቀርብ ቁጥር እንጂ ራሱ ፓይ አይደለም። እዚህ ጋ ጭቅጭቅ ይነሳል። ቶሎ አትገላግሏቸው።