የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጥቃቅን ጡቦች

እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ይገኛል። የእንጨት በረንዳው በጥቃቅን የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች ሲሠራ እጅግ ያምራል፤ ሥራውን የሚያከብደውም እሱው ነው። እዚህ ቅርጹን አቅልለን፣ በረንዳው ዙሪያውን የሚሄድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እንሠራለን።

ናኖብሎክ የሚባለው ትንሹ ጡብ ጎኑ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁመቱ ከነጉብታው፣ ማለትም ሲደራረብ ከላይኛው ጡብ ሥር ከሚገባው እብጠት ጋር፣ 5 ነው። ከመንደፍዎ በፊት 10 ጡብ ደራርበው በማስመሪያ ይለኩና ለ10 ያካፍሉ። የአንዱ ቁመት ከ4 ሚሊ ሜትር ካነሰ፣ በሂሳብ ደብተር ካሬ ላይ የነደፉት ቤት ሲሠራ ድፍጥጥ ይላል።

ልኩን ሁሉ በጉብታ እንቆጥራለን፤ ወለሉ 25 በ17 ጉብታ ይሁን፤ 10 በ6.8 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ጎዶሎ ቁጥር የተመረጠው በሩ ልክ መሃል ላይ እንዲውል ነው። የበረንዳው ቋሚዎች ጠርዝ ላይ በየ4 ጉብታው ይቆማሉ፤ ዙሪያውን 20 ይሆናሉ። አንድ ረድፍ ባዶ ይተዉና ግድግዳውን 21 በ13 አድርገው ይጀምሩ። የግድግዳው አንድ ዙር 64 ጉብታ ነው፤ በየደረጃው፣ ማለትም በምድር ቤቱና በፎቁ፣ 6 ዙር፣ በጠቅላላው 768። ለዚህ 120 ባለ 1×4 (በጉብታ ወርዱ 1፣ ርዝመቱ 4 የሆነ ጡብ)፣ 110 ባለ 1×2 እና 68 ባለ 1×1 ይበቃል። የበርና የመስኮት ቦታ ሲቀነስ የሚተርፈው መጠባበቂያ ነው። ግንበኛ እንደሚያደርገው መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አይዋል፤ ከዋለ ግድግዳው እዚያው ይከፈላል።

ቋሚው አምስት ባለ 1×1 ነው፤ ለሁለቱ ደረጃ 200 ያስፈልጋል። ብቻውን ሲቆም ይወላገዳል፣ በጣት ሲነኩትም ይወድቃል። በላዩ ባለ 1×4 በጠርዙ ርዝመት መደርደር ብቻውን አያድነውም፤ ቋሚዎቹ በ4 ጉብታ ስለተራራቁ እያንዳንዱ ጡብ የሚይዘው አንድ ቋሚ ብቻ ነው። መፍትሔው ቀጥሎ ባለ 2×3 በአግድም ማስቀመጥ ነው፦ በሁለት ጡብ መጋጠሚያ ላይ ሲያርፍ ጎረቤታሞቹን ያያይዛል፣ ሌላው ጫፉም ግድግዳውን ይይዛል። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ መጀመሪያ ይሸፍኑ፣ ክፍተቱን ከዚያ ይሙሉ። ለአንድ ዙር 35 ያህል ይፈጃል፤ ማዕዘን ላይ ሁለቱ አቅጣጫዎች ስለሚጋጩ አጫጭር ጡብ ይተኩ።

ከፎቁ በላይም ያው ዙር ይደገማል፤ እሱ የክዳኑ መጀመሪያ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ እርከን በየጎኑ 2 ጉብታ ይገባል፦ 21 በ13፣ 17 በ9፣ 13 በ5፣ 9 በ1። እርከኑ መሃሉ ክፍት ቀለበት ሆኖ ስፋቱ 3 ጉብታ ከሆነ አራቱ እርከኖች 362 ጉብታ ይወስዳሉ። አዲሱ እርከን የሚያርፈው በአንድ ረድፍ ላይ ብቻ ስለሆነ ከላይ ሲጫኑት ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ክዳኑን ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ይሥሩ፣ በሌላ እጅዎ ጣት ከሥር ይደግፉት።

ትሪ ላይ ነጣ ያለ ጨርቅ አንጥፈው ይሥሩ፤ ጡቡ ሲፈናጠር አይንከባለልም። ለቋሚዎቹ ወረንጦ ይጠቀሙ፣ ጠበቅ አድርገው አይያዙ፤ ጡቡ ተስፈንጥሮ ይጠፋል። ፎቶ ለማንሳት ጅሬን የሚወጡ ከሆነ ደመና ያለበትን ቀን ይምረጡ፤ ጥላ ስለማይኖር የበረንዳውን እንጨት አጥርቶ መቁጠር ይቻላል። የተጠናቀቀውን ሞዴል ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት ያርቁ፣ ነጩ ጡብ ይወይባል።