የተቃጠለ ትዊተር፦ መለዋወጫውን በስም ሳይሆን በልክ ፈልጉ

የድሮ ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ሲቃጠል፣ አዳማ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ እየዞራችሁ የፋብሪካውን ስም አትጥሩ። መልሱ «የለም» ነው። ትዊተሩን ፈትታችሁ ልኩን ይዛችሁ ሂዱ።

ዋናው ልክ የኮይሉ፣ ማለትም በትዊተሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል፣ ዲያሜትር ነው። ጉልላት ቅርጽ ባላቸው ትዊተሮች ብዙ ጊዜ 25 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ግን «አካባቢ» ብላችሁ አትግዙ፣ በካሊፐር ለኩት። ኮይሉ የሚገባበት የማግኔት ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ልዩነት እንኳ ኮይሉን ከብረቱ ጋር ያፋትገዋል። ቀጥሎ ኦሙ፣ ማለትም የኮይሉ የኤሌክትሪክ መቋቋም፦ 8 ኦም የተባለው በቴስተር 6 ገደማ ያነባል። የተቃጠለው ምንም ስለማያሳይ የሌላኛውን ጎን ጤነኛ ትዊተር ለኩ። እነዚህና የዲያፍራሙ (ኮይሉ የተያያዘበት የሚርገበገብ ስስ ሽፋን) ጠርዝ ስፋት ከገጠሙ፣ ሣጥኑ ከተሰባበረ የሌላ ስም ስፒከር የወጣ ዲያፍራም ይሠራል። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ እንዲህ ዓይነቱ አይጠፋም። ሁለቱ ጎኖች እኩል እንዲጮኹ ግን ጥንዱን መቀየር ይሻላል።

ከመግጠማችሁ በፊት ቀጭን ካርቶን ላይ ፕላስተር የሚጣበቀው ፊቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ጠቅልላችሁ በክፍተቱ ዙሪያ አዙሩ፤ የብረት ብናኙን ለቅሞ ይወጣል። ካቻቢቴውንም አጥብቃችሁ ያዙ፤ ማግኔቱ ከነጠቃችሁ አዲሱን ዲያፍራም ይበሳዋል።

ፒዞ በሚባለው ዓይነት ላይ ይህ አይሠራም። ኮይል ስለሌለው ደህናው እንኳ በቴስተር የተቃጠለ ይመስላል።