ስለ ሻብዳ ስታነቡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

የጥንት ህንድ ፍልስፍና የሚያነብ ሰው ሻብዳ (ቃል እንደ እውቀት ምንጭ) የሚለው ርዕስ ጋ ሲደርስ "ይሄማ የሃይማኖት ነው" ብሎ ይዘለዋል፣ እኔም መጀመሪያ ዘልዬዋለሁ፣ በጣም ነው የሚቆጨኝ። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ኒያያ በሚባለው የሎጂክ ጎራ ሻብዳ ማለት የታማኝ ሰው ቃል ነው። የጎራውን መሠረታዊ ጽሑፍ ኒያያ ሱትራን ያብራራው ቫትስያያና ታማኝ የሚለው ነገሩን በራሱ ያወቀና እንዳወቀው ለመናገር የሚፈልግን ሰው ነው፣ ይሄ ደሞ ለሪሺውም (ለጠቢቡ) ለአርያውም (ለራሳቸው ወገን) ለምሌቻውም፣ ማለትም ባዕድ ለሚሉት፣ እኩል ይሰራል ይላል። መንገድ ያሳየህ ሰው ባዕድ ስለሆነ ቃሉ እውቀት መሆኑ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ "ህንዶች እንዲህ ያስባሉ" አትበሉ። ዲግናጋ የሚባለው ቡድሂስት የሰው ቃል ራሱን የቻለ የእውቀት ምንጭ አይደለም፣ ከምልክት ተነስቶ መገመት ነው ይላል። ሚማምሳ የሚባሉት የቬዳ ተርጓሚ ፈላስፎች ደሞ ቬዳን (የህንድ ጥንታዊ ቅዱስ መጻሕፍት) ማንም አልደረሰውም ይላሉ፣ አምላክም ቢሆን! ስህተት የሚመጣው ከተናጋሪ ስለሆነ ተናጋሪ ከሌለ ስህተቱ ከየት ይመጣል ነው ሎጂካቸው። ስለዚህ "ቬዳ የአምላክ ቃል ነው ብለው ነው የሚያምኑት" ብሎ ሚማምሳን መግለጽ ነገሩን ገልብጦታል።

ሶስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በጣም የምወደው ስለሆነ። የዓረፍተ ነገር ትርጉም የቃላት ድምር ነው ብሎ ማለፍ። ምሳሌያቸው ይሄ ነው፦ አንድ ህጻን ቁጭ ብሎ ያያል፣ ሽማግሌው ወጣቱን "ላሟን አምጣ" ይለዋል፣ ወጣቱ ሄዶ ያመጣል። ቀጥሎ "ላሟን እሰር"፣ ከዛ "ፈረሱን አምጣ"። ህጻኑ ምን እንደተቀየረና ምን እንዳልተቀየረ እያየ ላም የቱ እንደሆነ፣ ማምጣት ምን እንደሆነ ይለያል፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ፕራብሃካራ የሚባለው የሚማምሳ ፈላስፋ ከዚህ ተነስቶ ቃል ትርጉም የሚሰጠው ከሌላው ጋር ተያይዞ ብቻ ነው ሲል ሌላው የሚማምሳ ፈላስፋ ኩማሪላ ግን የለም፣ መጀመሪያ እያንዳንዱ ቃል የራሱን ይናገራል፣ ከዛ ትርጉሞቹ ይያያዛሉ ይላል። የሰዋስው ሊቁ ባርትሪሃሪ ደሞ ከሁለቱም በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ዓረፍተ ነገሩ አንድ ነው አይቆራረጥም ብሎ ነበር።

የመጨረሻው፣ ቃሉን እንዳለ መውሰድ። "ጋንጋ ላይ ያለ መንደር" ሲባል፣ ጋንጋ ወንዝ ነው፣ ውሃ መንደር ስለማይሸከም ዳርቻው ማለት ነው፣ እዚህ ድረስ ሁሉም ይገባዋል። ታዲያ ለምን "ዳርቻው" አላለም? የግጥም ሊቃውንቱ መልስ አላቸው፣ ጋንጋ ስትል የወንዙ ቅዝቃዜና ንጽህና አብሮ ይመጣል፣ ዳርቻ ስትል ግን አይመጣም።